ወንፊት ተገጥሞለት የሚፈሰው አሸንዳ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጅ። ከሁለት ዓመት በፊት የቤቴን አሸንዳ ዙሪያውን የብረት ወንፊት አስገጠምኩበት። የገጠመልኝ ባለሙያ «ከእንግዲህ መሰላል አያስፈልግዎትም» ስላለኝ አምኜ ተውኩት። ዘንድሮ ግን ዝናቡ ጠንከር ሲል ውሃው አሸንዳው ውስጥ መግባቱን ትቶ በላዩ ዘልሎ መስኮቴ ፊት ይወርዳል። ከታች ሆኜ ሳየው አንድ ቅጠል የለበትም፣ ንጹህ ነው። ላስነቅለው ወይስ መላ አለው?

መልስ፦ ኧረ አያስነቅሉት! መላ አለው። መጀመሪያ ግን ባለሙያው የነገረዎትን እናርመው። ወንፊት ቅጠል ያስቀራል። አቧራ፣ የአበባ ብናኝና ከጣሪያው የሚፈረፈረው ደቃቅ ነገር ግን ወይ አልፎ ይገባል፣ ወይ እላዩ ላይ ይቀራል። ሥራውን ይቀንስልዎታል እንጂ ጨርሶ አይገላግልዎትም።

ከታች ንጹህ የመሰለዎት ወንፊት ጠጋ ብለው ሲያዩት ሌላ ነው። ጣትዎን ያሳርፉበት፤ ግራጫ፣ ስስ ቆዳ የመሰለ ነገር ይነካዎታል። ብናኙና አቧራው በጤዛ እየራሰ፣ በፀሐይ እየደረቀ፣ እንደገና እየራሰ እንደ ሊጥ ተለጥፎ ነው። የወንፊቱ ቀዳዳ በደቀቀ ቁጥር ይሄ ቆዳ ቶሎ ይደፍነዋል። ውሃው ታዲያ መግቢያ ሲያጣ ምን ያድርግ? ተንሸራቶ ያልፋል።

ለማረጋገጥ አንድ ኩባያ ውሃ ወንፊቱ ላይ ቀስ ብለው ያፍስሱ። ጠርዙን አልፎ ከወደቀ ጥፋቱ የዚያ ቆዳ ነው። ወዲያው ከሰመጠ ደግሞ ችግሩ ከሥር ነው፤ እሱን ከታች እነግርዎታለሁ።

ጽዳቱን ወንፊቱ ደረቅ ሲሆን ይጀምሩ፤ እርጥብ ቅጠል ይከብዳል፣ ይጣበቃልም። ላይ ላዩን በእጅ መጥረጊያ ይጥረጉ። ከዚያ ለስለስ ያለ ብሩሽ፣ ለብ ያለ ውሃና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና ይያዙ። ካረጠቡት በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይታገሱትና ይፈትጉት፤ ቆዳው ሲለቅ በዓይንዎ ያዩታል፣ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ። በመጨረሻ በውሃ ጎማ ያለቅልቁት። መኪና የሚታጠብበትን ባለ ግፊት ማሽን እባክዎን አይጠቀሙ። ወንፊቱን ያጣምመዋል፣ ቆሻሻውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል፣ ውሃውንም ከጣሪያው ሥር ይረጫል። በረኪናም ይቅር፤ ብረት ይበላል፣ ከሥር ያለውን አትክልት ያቃጥላል። የጣሪያ ውሃ በታንከር የሚያጠራቅሙ ከሆነ ደግሞ ሳሙናው ከመነካቱ በፊት ወደ ታንከሩ የሚሄደውን ቱቦ ያላቁት።

አሁን ወደ ሥሩ። ቁልቁል ከሚወርደው ቱቦ አጠገብ ያለውን አንዱን የወንፊት ቁራጭ ብሎኑን ፈተው ያንሱት። ብዙ ሰው ይቺን ነገር ይዘላታል፤ እኔ ደግሞ ዋናዋ እሷ ናት እላለሁ። የራሴን ስከፍት ሁለት ጣት የሚሆን ጥቁር ጭቃ ወለሉ ላይ ተኝቶ አገኘሁ፣ ላዩ ላይ ግን አንዲት ቅጠል አልነበረችም። ጭቃውን በትንሽ የፕላስቲክ አካፋ ይዛቁት፤ ወደ ቱቦው አይግፉት። ከዚያ ከሩቁ ጫፍ በጎማ ውሃ ይልቀቁና ከታች በምን ኃይል እንደሚወጣ ይዩ። እየተንጠባጠበ ከመጣ ቱቦው ተደፍኗል። በእጅዎ መታ መታ ያድርጉት፤ ባዶው ቦታ ያስተጋባል፣ የተደፈነው ድፍን ያለ ድምፅ ይሰጣል። ብዙ ጊዜ የሚደፈነው እጥፋቱ ላይ ነው።

ቱቦውም ንጹህ ሆኖ ውሃ አሸንዳው ውስጥ ከተኛ ተዳፋቱን ያስለኩ። በየ3 ሜትሩ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ማለት አለበት። የተኛ ውሃ ደግሞ ለወባ ትንኝም ሆነ ለሌላው ትንኝ ጥሩ መፈልፈያ ነው፤ ሙቀት ካለ ከእንቁላል እስከ በራሪ ትንኝ ከ7 እስከ 10 ቀን ቢፈጅባት ነው።

ስለ መሰላሉ ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም፣ ምክንያቱም ሰው የሚጎዳው አሸንዳው ላይ ሳይሆን እሱ ላይ ነው። ከፍታው 4 ሜትር ከሆነ እግሩ ከግድግዳው 1 ሜትር ይራቅ። አሸንዳው ላይ አያስደግፉት፤ አሸንዳው ይጣመማል፣ መሰላሉም ይንሸራተታል። ግድግዳው ላይ የሚያርፍ ማራቂያ ቢገጠምለት ጥሩ ነው። ከሥር የሚይዝ ሰው ይኑር። «ትንሽ ልድረስበት» ብለው አይንጠራሩ፤ ሆድዎ ከመሰላሉ ቋሚ ውጭ ከወጣ ወርደው ያዛውሩት። የኤሌክትሪክ ሽቦ በአቅራቢያው ካለ የብረትም የአሉሚኒየምም መሰላል አይቁም። ቤቱ ፎቅ ከሆነ ደግሞ ለዚህ ሥራ የሚወጣ ባለሙያ ይጥሩ፣ እርስዎ መሬት ይሁኑ።

ጥያቄ፦ የኛ አሸንዳ ወንፊት ሳይሆን ስፖንጅ ነው የተሞላበት። ሰሞኑን ሣር በቀለበት። ነቅዬ ብጥል ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም እህቴ። ሣሩ የበቀለው ስፖንጁ ውስጥ አፈር ስለተጠራቀመ ነው፤ ሥሩ ውስጥ ድረስ ገብቷል። ስፖንጁን እንዳለ አውጪው፣ ይድረቅና አራግፊው፣ ከዚያ ባልዲ ውስጥ ዘፍዝፈሽ የሚወጣው ውሃ እስኪጠራ ጭመቂው። አሸንዳውንም ባዶ እያለ እጠቢው። ስፖንጁን በጣትሽ ስታሺው ከተፈረፈረ ግን ፀሐይ ጨርሶታል፣ አትመልሺው። የኔ ምርጫ ከተጠየቀ በምትኩ የብረት ወንፊት ነው፤ ስፖንጅ እርጥበትና አቧራ አብሮ ይይዛል፣ ለዘር ከዚህ የተመቸ አልጋ የለም።

ጥያቄ፦ በዓመት ስንቴ ነው መታየት ያለበት?

መልስ፦ ቢያንስ ሁለቴ። አንዴ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ አንዴ ካለፈ በኋላ። ጣሪያው ላይ ጽድ ወይም ሌላ መርፌ ቅጠል ያለው ዛፍ ካጠላ ግን ጨምሩበት፤ ያ ቅጠል ቀዳዳው ውስጥ ተሰክቶ ይቆማል፣ ሌላውንም ይይዛል። በየመሀሉ ደግሞ ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ጃንጥላ ይዛችሁ ወጣ በሉና ቤቱን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ። ውሃ የሚዘልበትን ቦታ ልክ ከሥሩ ግድግዳው ላይ ወይም መሬቱ ላይ ምልክት አድርጉበት። ዝናቡ አባርቶ ሰማዩ ሲጠራ መሰላሉን የምታቆሙት እዚያ ጋ ነው።