ዲራም የሌለው ርካሽ ኤስኤስዲ ያዋጣል?

ኮዬ ፈጬ ያለኸው ወንድሜ፣ «ላፕቶፔ ተንቀራፈፈብኝ፣ ዲራም የሌለው ርካሽ ኤስኤስዲ ልግዛ ወይስ ብር ላጠራቅም?» ላልከው፦ ኤስኤስዲ ማለት የሚሽከረከር ነገር የሌለው፣ ፋይል በቺፕ ላይ የሚያስቀምጥ ፈጣን ማከማቻ ነው፤ አሁን ያለህ የሚሽከረከረው ሃርድ ዲስክ ከሆነ ዓይንህን ሳታሽ ግዛ። ልዩነቱን ገና ዊንዶውስ ሲነሳ ታየዋለህ።

ዲራም ኤስኤስዲው ውስጥ ያለ ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ ነው፤ የሚይዘውም ፋይልህ የት እንደተቀመጠ የሚያሳየውን ካርታ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ለ1 ቴራባይት 1 ጊጋባይት ገደማ ይመደባል። እሱ ከሌለ ድራይቩ ካርታውን ፋይሎቹ ከሚቀመጡበት፣ ከዲራም ከሚዘገየው የራሱ ፍላሽ ቺፕ ላይ እየፈለገ ያነባል፤ ይሄ ነው የሚያዘገየው። ኤንቪኤምኢ በሚባለው አዲሱና ፈጣኑ መንገድ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚገናኙት ግን ብዙዎቹ ለካርታው ከኮምፒውተሩ ራም ጥቂት አስር ሜጋባይት ይበደራሉ። ሳታ በሚባለው የቆየው አገናኝ ላይ ይሄ ብድር የለም። ስለዚህ ላፕቶፕህ ኤንቪኤምኢ የሚቀበል ከሆነ እሱን ውሰድ።

ቪዲዮ ኤዲት ስታደርግ የምትውል ከሆነ ጨክነህ ጨምርና ዲራም ያለውን ግዛ። በነገራችን ላይ ርካሾቹን እስከ አፋቸው አትሙላቸው፣ ሲጠግቡ ይለግማሉ።

እናንተ ሰፈር መብራት ሄድ መጣ ይላል አይደል? የላፕቶፕህ ባትሪ ከሞተ መጀመሪያ እሱን ቀይር። ፋይል እየተጻፈ መብራት ድርግም ካለ ዲራም ያለውም አያድንህም።