የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ፦ አንድ እፍኝ ሽምብራና አራት ተማሪ

ጥያቄ፦ ደብረ ማርቆስ ሒሳብ አስተምራለሁ። የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎቼ የመመረቂያ ጽሑፍ ላይ ከመድረሳቸው በፊት የቡድን ምርምር እንዲቀምሱ እፈልጋለሁ። ባለፈው አምስት አምስት አድርጌ ብመድባቸው አንዱ ሠራ፣ አራቱ ስማቸውን ጻፉ። ምን ዓይነት ጥያቄ ልስጣቸው? ስንት ሆነው፣ ለስንት ሳምንት ይሥሩ?

መልስ፦ አራቱ ሰንፈው ብቻ አይመስለንም፤ የሰጧቸው አሳይመንት ስለነበረ ነው። መንገዱ አንድ የሆነ ጥያቄ ከሆነ ጎበዙ በአንድ ምሽት ይጨርሰዋል፣ ሌላው ምን ይሥራ? ለምርምር የሚሆነው መነሻው ለሁሉም ቀላል፣ መድረሻው ግን ለጎበዙም ወዲያው የማይታየው ነው። እንደ ጎልድባክና ኮላትዝ ያሉትን እስካሁን ያልተፈቱ የቁጥር ጥያቄዎች መነሻቸው ቀላል ቢሆንም አይስጧቸው፤ ስንት አዋቂ የደከመባቸው ናቸው፣ ተማሪው በሦስተኛው ሳምንት ተስፋ ቆርጦ ይቀራል።

ይህን ይሞክሩ። ለአራት ተማሪ አንድ እፍኝ ሽምብራ ይስጡ። (ጥሬ ይሁን፤ ቆሎ ከሆነ ቁጥሩ እየጎደለ ያስቸግራል።) ስድስት ፍሬ ቆጥረው እንደፈለጉ ይከምሩ። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ከየክምሩ አንድ አንድ ፍሬ ያነሣሉ፣ ያነሡትን ሁሉ አንድ ላይ አዲስ ክምር ያደርጉታል። ከዚያ ይደግሙታል። ከ2፣2፣1፣1 ቢነሡ 4፣1፣1 ይሆናል፤ ቀጥሎ 3፣3፤ ከዚያ 2፣2፣2፤ 3፣1፣1፣1፤ 4፣2፤ በስድስተኛው እርምጃ 3፣2፣1። ከዚህ ወዲያ ቢደጋግሙት ንቅንቅ የለም። ስድስት ፍሬ የሚከፈልበት መንገድ 11 ሲሆን ሁሉም መጨረሻቸው እዚሁ ነው።

ጨዋታው “የቡልጋሪያ ሶሊቴር” በሚል ስም በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የታወቀና የተጠና ነው። ለመጀመሪያ ምርምራቸው አስቀድሞ የተፈታ ጥያቄ መስጠት ነውር የለበትም፤ እንዲያውም እርስዎ መውጫውን ቢያውቁት ይሻላል። ስሙን ግን አይንገሯቸው፤ ከነገሯቸው በስልክ ፈልገው ማታውኑ ያገኙታል።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ቆጠራ ናቸው። ሰባት ፍሬ 15፣ ስምንት ፍሬ 22 ዓይነት አከፋፈል አላቸው፤ ለአራት ይካፈሉት። ሰባቱ ማረፊያ የለውም፦ 4፣2፣1፤ 3፣3፣1፤ 3፣2፣2፤ 3፣2፣1፣1 እያለ በአራት እርምጃ ወደ 4፣2፣1 ይመለሳል። ስምንት ላይ ከ4፣2፣1፣1 የተነሣ ተማሪም በአራት እርምጃ ሲመለስ ያያል፤ “ስምንትም በአራት ይዞራል” ብሎ ይጽፋል። 4፣2፣2 የደረሰው ጓደኛው ግን ወደ 3፣3፣1፣1 ይሄዳል፣ በሚቀጥለው እርምጃ 4፣2፣2 ላይ ተመልሶ ቁጭ። የሱ ዙር ሁለት ብቻ ነው። ይከራከራሉ። ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ስምንት ሁለት የተለያዩ ዙሮች አሉት። ሥራውን ለአራት ማካፈል የሚጠቅመው እንዲህ ያለውን ክርክር ስለሚያመጣ ነው፤ አንድ ሰው ብቻ ቢቆጥር የመጀመሪያውን ዙር አይቶ ደብተሩን ይዘጋ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት የጠረጠሩትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ። ከአራተኛው እስከ ስድስተኛው ማረጋገጫ ነው። አንዱ ለማንም ይደርሳል፦ አከፋፈሉ በቁጥር የተወሰነ ስለሆነ ጨዋታው የግድ አንድ ቀን ያለፈበትን ቅርጽ ይደግማል። ሁለተኛው ጣፋጭ ነው። ቅርጹ የማይነቃነቅና ክምሮቹ አምስት ቢሆኑ፣ አዲሱ ክምር አምስት ፍሬ ይኖረዋል። ቅርጹ ስለማይለወጥ ባለ አምስት ክምር ከመነሻውም ነበረ። እሱ በሚቀጥለው እርምጃ አራት ይሆናል፤ ስለዚህ ባለ አራትም አለ፤ እንዲሁ ሦስት፣ ሁለት፣ አንድ። አምስቱ ክምር ሞላ፣ ለሌላ ቦታ የለም። በአምስት ፈንታ የፈለጉትን ቁጥር ያስገቡ። ማረፊያ ሊኖራቸው የሚችለው እንግዲህ 1፣ 3፣ 6፣ 10፣ 15 እያሉ የሚሄዱት ብቻ ናቸው። እነዚህ ከየትም ቢነሡ የግድ ያርፋሉ የሚለው ከባዱ ክፍል ነው፤ ባይጨርሱት አይቆጡ። በሰባተኛው ሳምንት ሕጉን ራሳቸው ይቀይሩ (ለምሳሌ ትልቁ ክምር አይነካ)፣ ስምንተኛው ለጽሑፍና ለማቅረብ ይሁን።

የስብሰባውን ሥርዓት ከቅኔ ቤት መውሰድ ይቻላል። በዋሸራም በጎንጅም ቅኔ ቤት ተማሪው መጀመሪያ ብቻውን ሆኖ ቅኔውን ይቆጥራል (ያዘጋጃል ማለት ነው)፤ ነገራ ላይ ደግሞ የቆጠረውን ያሰማል፣ ይታረማል። እዚህም በሳምንት አንዴ ለሁለት ሰዓት ሲቀመጡ የመጀመሪያው 20 ደቂቃ ዝምታ ይሁን፣ እያንዳንዱ በራሱ ወረቀት ይሥራ። ከዚያ መጀመሪያ የሚናገረው ዝምተኛው ነው፤ ጎበዙ ከቀደመ ሌላው እጁን ያጣጥፋል። አንድ የጋራ ደብተር ይኑር፣ ጸሐፊው በየሳምንቱ ይቀየር፤ የከሸፈውም ሙከራ በአንድ መስመር ይሰረዝ እንጂ ገጹ አይቀደድ። እርስዎ ይግቡ፣ ጠመኔውን ግን አይያዙ። ውጤት ሲሰጡ ማን እንደሚያስረዳ በዕጣ ይለዩ፤ የአራቱም ማርክ ዕጣ በወጣበት ተማሪ ላይ ይደር። ያኔ ጎበዙ ራሱ ሌሎቹን ሳያስረዳ አያድርም።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቡድናችን በክብ ዙሪያ ነጥቦች አስቀምጦ ሁሉንም በመስመር እያገናኘ ክቡ ስንት ቦታ እንደሚከፈል ቆጠረ። ከአንድ እስከ አምስት ነጥብ 1፣ 2፣ 4፣ 8፣ 16 ወጣልን። “በእጥፍ ያድጋል” ብለን ልንጽፍ ነው፤ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም፣ እህታችን፤ ስድስተኛውን ነጥብ ጨምሩ። 31 ታገኛላችሁ እንጂ 32 አይደለም። 30 ከመጣባችሁ ደግሞ ነጥቦቹን እኩል አራርቃችሁ አስቀምጣችኋል፤ ሦስት መስመሮች መሐል ላይ በአንድ ነጥብ ተላልፈው አንድ ቦታ ዋጡባችሁ። ስለዚህ ሦስት መስመር በአንድ ነጥብ እንዳይገናኝ አዛንፉ፣ በትልቅ ወረቀትና በቀጭን እርሳስ ሥሩ።

ትክክለኛው መንገድ እያንዳንዱ መስመርም፣ እያንዳንዱ መተላለፊያም አንድ አንድ ቦታ እንደሚጨምር ማየት ነው። መስመር በሁለት ነጥብ፣ መተላለፊያ በአራት ነጥብ ይወሰናል። ለስድስት ነጥብ መስመሩ 15፣ መተላለፊያውም 15፤ ከመነሻው አንድ ቦታ ጋር 31። ሰባት ነጥብ ላይ 57 ካገኛችሁ መንገዱ ገብቷችኋል። ኮምፒውተር ካላችሁ በፓይተን (የፕሮግራም ቋንቋ ነው) አስቆጥሩት፤ ግምታችሁ ስህተት ከሆነ ቶሎ ያሳያችኋል፣ ልክ ከሆነ ግን ማረጋገጫውን አይጽፍላችሁም።

ጥያቄ፦ አራት ሆነን የሠራነውን ልናሳትም ነው። የማን ስም ይቅደም? (እንጅባራ)

መልስ፦ በሒሳብ ልማዱ የፊደል ተራ ነው፤ ብዙ የሠራው ይቅደም አይባልም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ቲሞቲ ጋወርስ በ2009 (እ.ኤ.አ.) ብዙ ሰው ጋብዞ አንድ ከባድ ጥያቄ በይፋ ሲያሠራ፣ ጽሑፉ “ዲ. ኤች. ጄ. ፖሊማዝ” በሚል የጋራ ስም ነው የወጣው። እናንተን የሚያስቸግራችሁ ሌላ ነው፦ የውጭ መጽሔት የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፣ እኛ የለንም። የአባት ይሁን የአያት፣ አራታችሁም አንዱን መርጣችሁ በዚያው ጽኑ። ተራውም በዚያ ስም ስለሚወጣ ጽሑፉን ሳትጀምሩ ተስማሙ።