ከሎስ አንጀለስ ሲድኒ ለምን 15 ሰዓት ይፈጃል?

እህቴ፣ ከሎስ አንጀለስ ሲድኒ በረራው ለምን 15 ሰዓት እንደሚፈጅ፣ ከዚያ ወደ ሜልበርን ለመቀጠልም 2 ሰዓት ይበቃ እንደሆነ ጠይቀሽኛል። ጥያቄሽ የራሴን ጉዞ አስታወሰኝ። 12,000 ኪሎ ሜትሩን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሆነው የአውሮፕላኑ ፍጥነት ስታካፍዪው 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ መጣልሽ፤ ትኬቱ ግን 15 ሰዓት ይላል። ሰኞ ማታ ተነስተሽ ረቡዕ ጠዋት መድረስሽም ግራ አጋብቶሻል። ስሌትሽ ልክ ነው። ያልገባበት ነፋሱ ነው።

900 አውሮፕላኑ አየሩን እየቀዘፈ የሚሄድበት ፍጥነት ነው። ከመሬት አንጻር ስንት እንደሚሄድ የሚወስነው ነፋሱ ነው። ከፍታ ላይ ጄት ስትሪም የሚሉት ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ይነፍሳል። ወደ ሲድኒ ስትሄጂ ፊት ለፊት ነው የምትገጥሚው። እኔ ስሄድ እንቅልፍ እምቢ ብሎኝ ፊቴ ያለውን ስክሪን ሳይ አደርኩ። ፍጥነቱ 820 ላይ ተተክሎ ለሰዓታት ንቅንቅ አላለም። ስመለስ 980 አየሁ። የመልስ ጉዞው 13 ሰዓት ተኩል ገደማ የሚሆነው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2020 አንድ የብሪቲሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 አውሮፕላን፣ ማዕበል ከኋላ ገፍቶት ከኒውዮርክ ለንደን በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ገብቷል። ከነፋሱ ጋር መሄድ እንዲህ ነው!

ደግሞ ትኬቱ የሚቆጥረው ከበር እስከ በር ነው። ለመነሳት ተራ መጠበቁ፣ ካረፉ በኋላ በር እስኪያገኙ መንቀርፈፉ፣ ሁሉም አለበት። መስመሩም ሁልጊዜ አጭሩ አይደለም። ከሄልሲንኪ ቶኪዮ 9 ሰዓት ተኩል አካባቢ የነበረው በረራ፣ በ2022 የሩሲያ ሰማይ ሲዘጋ 13 ሰዓት ገደማ ሆኗል።

ቀኑን በተመለከተ አትጨነቂ። ሰኞ በ22:30 ተነሺ እንበል። 15 ሰዓት ስትጨምሪ በሎስ አንጀለስ ማክሰኞ 13:30 ይሆናል። ወቅቱ ሲድኒ 17 ሰዓት የምትቀድምበት ነው እንበል፤ ስለዚህ እዚያ ረቡዕ 06:30 ነው። ማክሰኞን አውሮፕላን ውስጥ ነው የምትጨርሺው። ስትመለሺ ይካስልሻል፦ ረቡዕ 10:00 ተነስተሽ እዚያው ረቡዕ 06:30 ትደርሻለሽ። ልዩነቱ እንደ ወቅቱ 18 ወይም 19 ሰዓት ስለሚሆን የምትሄጂበትን ቀን እይ።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄሽ። ከሲድኒ ሜልበርን ለብቻው በተቆረጠ ትኬት 2 ሰዓት ይበቃል ወይ? እኔ አይበቃም ነው የምለው። እንዲሁ በሌላ ጉዞ ርቀቱን ብቻ አስልቼ 1 ሰዓት ከ30 ትቼ ነበር። ሻንጣዬን ስጠብቅ ቀጣዩ በረራ ሄደ፤ ትኬቱ የተለያየ ስለነበር አዲስ ገዛሁ። ሲድኒ ላይ ኢሚግሬሽን አለ፣ ሻንጣ መቀበል አለ፣ ጉምሩክ አለ፤ የአገር ውስጥ ተርሚናሉም ሌላ ቦታ ስለሆነ በባቡር ወይም በአውቶቡስ ነው የሚኬደው። ቢያንስ 4 ሰዓት ተዪ። ዋጋው ብዙ የማይራራቅ ከሆነ ግን ሁለቱንም በአንድ ትኬት ቁረጪው፤ የመጀመሪያው ቢዘገይ በቀጣዩ የሚያሳፍርሽ አየር መንገዱ ነው።