ኮር፣ ሻለቃ፣ ማዦር፦ የናፖሊዮን ጦር በአማርኛ

ጥያቄ፦ ስለ ናፖሊዮን ዘመቻዎች የተጻፈ የፈረንሳይኛ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። «ኮር ዳርሜ» የሚለውን ክፍለ ጦር ብዬ ጀመርኩ፤ ቀጥሎ «ዲቪዥን» ሲመጣ ቃል አጣሁለት። «ባታዮን» የሚለውን ሻለቃ ስለውም አዛዡና ጦሩ ተደበላለቁብኝ። ማዦርስ ሻለቃ ማለት አይደለም?

መልስ፦ ክፍለ ጦርን ለዲቪዥን ይመልሱለት፤ የእኛም ሠራዊት ቃሉን ያዋለው ለዚያው ደረጃ ነው። ብዙ ቁጥሩን «ክፍለ ጦሮች» ቢሉም «ክፍላተ ጦር» ቢሉም ያስኬዳል። ከዚያ በላይ ላለው «ኮር» ይበሉ። ቃሉ በወታደሩ ዘንድ የታወቀ ነው፤ ፈረንሳዮቹም «ፕ»ን ሳያሰሙ ኮር ስለሚሉት «ኮርፕ» ብሎ መጻፍ አያስፈልግም። በጥያቄዎ ያለው አጀማመር ከቀጠለ «ሦስት ክፍለ ጦሮች ያሉት ክፍለ ጦር» የሚል ዓረፍተ ነገር መምጣቱ አይቀርም።

ነገሩ ከቃል ምርጫም ያልፋል። የናፖሊዮን ኮር የራሱ እግረኛ፣ ፈረሰኛ፣ መድፍ፣ መሐንዲስና መምሪያ ያለው፣ በማርሻል ወይም በጄኔራል የሚመራ፣ ራሱን የቻለ ትንሽ ሠራዊት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1805 «ታላቁ ሠራዊት» የተባለው የናፖሊዮን ዋና ጦር በ7 ኮሮች ተከፍሎ በየራሱ መንገድ ወደ ዳኑብ ወንዝ የገሰገሰው ለዚህ ነው፤ ያን ያህል ሰውና ፈረስ በአንድ መንገድ ቢጓዝ ሰልፉ ይረዝማል፣ ቀለብም አይገኝለትም። በተናጠል የሚጓዝ ኮር ጠላት ቢገጥመው ጎረቤቶቹ እስኪደርሱለት ብቻውን ተዋግቶ መቆየት ይችላል። ጥቅምት 14 ቀን 1806 እ.ኤ.አ. በጀርመን አገር በአወርሽቴት የማርሻል ዳቩ 3ኛ ኮር በሦስት ክፍለ ጦሮቹ፣ ከ26,000 በማይርቅ ሰው፣ ከእጥፉ በላይ የሆነውን የፕሩሲያን ዋና ጦር ገጥሞ አሸንፏል። አንባቢ ይህን ድል እንዲረዳው ኮርና ክፍለ ጦር ተለይተው መቀመጥ አለባቸው።

«ጓድ» የሚለውን የሚያቀርቡ አሉ፤ «የሰላም ጓድ» በሚለው ስም ውስጥ ቃሉ ለኮር መቆሙ እውነት ነው። በወታደር ቋንቋ ግን ጓድ ከትንንሾቹ ቡድኖች አንዷ ናት። «የዳቩ ጓድ» ብለን ከጻፍን ያን ሁሉ ሺህ ሰው ወደ ጥቂት ሰዎች እናወርደዋለን። ስለዚህ አልመክረውም።

ወደ ሻለቃ ስንመጣ፣ አማርኛ ሰውየውንና ጦሩን የሚለይበት የራሱ መንገድ አለው። ማዕረግ ከስም ይቀድማል፤ የጦር ክፍል ከስሙ ወይም ከቁጥሩ ቀጥሎ ይመጣል። «ሻምበል አበበ ቢቂላ» ስንል ሰው ነው፤ ኮሪያ የዘመተው «ቃኘው ሻለቃ» ግን ጦር ነው። ስለዚህ «2ኛ ሻለቃ» ካሉ ማንም አይሳሳትም። አደጋው ስምም ቁጥርም በሌለበት፣ ቃሉ ብቻውን ሲቆም ነው። «ሻለቃው ኮረብታው ላይ ወጣ» ቢሉ አንድ መኮንን ይሁን ስድስት መቶ ሰው አይታወቅም። እዚያ ላይ «ሻለቃ ጦሩ» ወይም «የሻለቃው አዛዥ» ብሎ መጨመር ግድ ነው። ሻምበልም እንዲሁ ነው፤ ለ«ኮምፓኚ» ትክክለኛው ቃል እሱ ነው፤ ብቻውን ሲቆም ግን «ሻምበል ጦር» ይሁን።

ቃሉ «የሺ አለቃ» ከሚለው ስለመጣ ሻለቃ አንድ ሺህ ሰው መያዝ አለበት ብለው አይጨነቁ። በየካቲት 1808 እ.ኤ.አ. በወጣው ድንጋጌ የፈረንሳይ እግረኛ ሻለቃ 6 ሻምበሎች ነበሩት፤ አራቱ ፊዚሊዬ (መደበኛ እግረኛ)፣ አንዱ ግረናዲዬ (የተመረጡ ብርቱ ወታደሮች)፣ አንዱ ቮልቲዠር (ቀላል እግረኛ)። እያንዳንዱ ሻምበል 140 ሰው ሲይዝ ሻለቃው 840 ይሆናል። ይህ የወረቀቱ ቁጥር ነው፤ በሽታ፣ ጉዞና ውጊያ ሲያጎድሉት በሜዳ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ከዚያ ያንሳል። ዛሬ «መቶ» የምንለው ክፍልም መቶ ሰው የለውም። ቁጥሩ ከስሙ ውስጥ ከወጣ ቆይቷል።

ማዦር ላይ ግን ይጠንቀቁ፤ ከባዱ ወጥመድ እዚህ ነው። በናፖሊዮን ጦር ሻለቃ የሚያዘው መኮንን «ሼፍ ደ ባታዮን» ይባላል፤ የእኛ «ሻለቃ» በማዕረግም በሥራም እሱ ነው። ከ1803 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነበረው «ማዦር» ደግሞ ከኮሎኔሉ ቀጥሎ ያለ የሬጅመንቱ (ጥቂት ሻለቃ ጦሮችን የያዘው ክፍል) ሁለተኛ ሰው ነው፤ ደረጃው ወደ ሌተናል ኮሎኔል ይጠጋል። ሁለቱንም ሻለቃ ካሏቸው የበላዩና የበታቹ እኩል ይሆናሉ። «ማዦር ጄኔራል በርቲዬ» የሚል ሲያጋጥምዎም «ሜጀር ጄኔራል» ብለው አይለፉት። በርቲዬ ማርሻል ነው፤ «ማዦር ጄኔራል» የኃላፊነቱ ስም ነው፣ የናፖሊዮንን ትእዛዝ በጽሑፍ አዘጋጅቶ ለኮሮቹ የሚያደርሰው መምሪያ ኃላፊ። አማርኛ ለዚህ ከዚያው ከፈረንሳይኛ የተዋሰው ቃል አለው፤ ኤታ ማዦር ሹም። ከዚህ የተሻለ ትርጉም አይገኝለትም፤ በ1815 በዋተርሎ ቦታውን ለያዘው ለማርሻል ሱልትም ይሠራል።

ሬጅመንትና ብርጌድ እንዳሉ ይቀመጡ። ከ1803 በፊት በነበሩ ዘመቻዎች «ደሚ ብርጌድ» ሲመጣ ግን «ግማሽ ብርጌድ» አይበሉት፤ ሙሉ ሬጅመንት ነው፣ የፈረንሳይ አብዮት ስሙን ለውጦት እንጂ። ስኳድሮን ዛሬ አየር ኃይልን ስለሚያስታውስ «የፈረሰኛ ስኳድሮን»፣ ባትሪም «የመድፍ ባትሪ» ይባል።

የአገራችንን የጦር ማዕረጎች ማዋሱ ያጓጓል፤ የፈረሰኞቹን አዛዥ ማርሻል ሙራን ፊታውራሪ ማለት ለጆሮ ይጥማል። እኔ ግን አልደግፈውም፤ ፊታውራሪ ከነሥርዓቱ የኢትዮጵያ ሹመት ነው፤ አንባቢውን ከአውሮፓ ሜዳ ይወስድብናል። የቦታና የሥራ ስሞች ግን ነጻ ናቸው፤ ቀኝ ክንፍ፣ ግራ ክንፍ፣ ተጠባባቂ ጦር። በ1812 ከሞስኮ ሲመለሱ ማርሻል ኔ ይመራው የነበረውንም «የኋላ ደጀን» ይበሉት፤ «ደጀን» ብቻውን ዛሬ ከኋላ ሆኖ የሚደግፍ ሕዝብ የሚል ስሜት ስላለው «የኋላ» የሚለው አይቅር።

አንድ ቃል ብቻ ከእኛ ታሪክ ሳልሰስት እቀበላለሁ፤ ክብር ዘበኛ። የናፖሊዮን «ጋርድ ኢምፔሪያል» እንደ እኛው ክብር ዘበኛ ንጉሠ ነገሥቱን የሚጠብቅም፣ የሚዋጋም ጦር ነበር። ሦስቱ ክፍሎቹ «ነባሩ»፣ «መካከለኛው» እና «ወጣቱ ክብር ዘበኛ» ቢባሉ መልካም ነው። «አሮጌው ዘበኛ» ግን አይሆንም፤ ዘበኛ ብቻውን ዛሬ በር ጠባቂ ነው፣ አሮጌም ያረጀ ዕቃ ያስመስላል፤ እነዚያ ግን ብዙ ዘመቻ አይተው የተመረጡ ወታደሮች ነበሩ።