«90 በመቶ ያለቀው» ድረ ገጽ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጅማ ከተማ ባለ ሦስት እግር በርጩማና የቤት ዕቃ የምንሠራ አምስት ሰዎች ነን። ድረ ገጽ እንዲሠራልን ከአንድ ባለሙያ ጋር በቃል ተስማምተን ግማሹን ክፍያ ሰጠን። «90 በመቶ አልቋል» ካለን አራተኛ ወሩን ያዘ። ስንደውል «ጽሑፍና ፎቶ ላኩልኝ» ይላል፤ እኛ ደግሞ በቴሌግራም ልከንለታል። ማን ነው ያጠፋው? ምንስ እናድርግ?

መልስ፦ በዚህ ሥራ «90 በመቶ» ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ዲዛይኑ አልቋል፣ ይዘቱ ግን አልገባም ማለት ነው። ልከናል ማለታችሁም እውነት፣ አልደረሰኝም ማለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። ቴሌግራም ላይ 40 ፎቶ ተደራርቦ ሲላክ የትኛው የየትኛው በርጩማ እንደሆነ አይለይም። ዋጋው በድምፅ መልእክት ተነግሮ ይሆናል። ፎቶው ራሱም እንደ ፋይል ካልተላከ ተጨምቆ ጥራቱ ይቀንሳል።

መጀመሪያ ከአምስታችሁ አንድ ሰው ብቻ ከባለሙያው ጋር እንዲነጋገር ወስኑ። ቀጥሎ በኤክሴል ሠንጠረዥ ሥሩ፤ ለእያንዳንዱ ዕቃ አንድ መስመር፦ ቁጥር፣ ስም፣ የእንጨቱ ዓይነት፣ ቁመትና የመቀመጫው ስፋት በሴንቲ ሜትር፣ ክብደት፣ ዋጋ፣ ለማድረስ የሚፈጀው ቀን። ክብደቱን አትዝለሉት፤ አዲስ አበባ ያለ ገዢ የማጓጓዣውን ሒሳብ የሚጠይቀው በእሱ ነው። ለአንድ ዕቃ ሦስት ፎቶ ይበቃል፦ ሙሉው፣ መቀመጫው ከላይ፣ እንዲሁም ከአንድ ግንድ መፈልፈሉ እንዲታይ ከሥር። የፎቶውን ፋይል በዕቃው ቁጥር ሰይሙት፦ 07-1፣ 07-2፣ 07-3።

በስልክ የተነሳ አንድ ፎቶ 4 ሜጋ ባይት ቢሆን 20ው 80 ሜጋ ባይት ነው። ይህን በሞባይል ዳታ የሚጠብቅ ደንበኛ የለም። ባለሙያው ወርዱን ወደ 1600 ፒክስል አውርዶ፣ እያንዳንዱን ከ200 ኪሎ ባይት በታች ያድርገው።

ከዚያ የቀረውን ሥራ በወረቀት አስፍራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙ። «ፎርሙ ይሠራል» ብላችሁ እንዳትጽፉ፤ «ከስልክ የተሞላ ትዕዛዝ በ5 ደቂቃ ውስጥ ለማኅበሩ ኢሜይል ይደርሳል» በሉ፤ ይኼኛው ተሞክሮ የሚታይ ነው። የቀረውን 50 በመቶ ክፍያም ከፋፍሉት፦ 30ው በወረቀት የሰፈረው ዝርዝር በሙከራ አድራሻው (ድረ ገጹ ለሕዝብ ሳይከፈት በሚታይበት) ላይ ሲሟላ፣ 10ሩ ድረ ገጹ ሥራ ሲጀምር፣ የመጨረሻው 10 ከ30 ቀን በኋላ። በመሐል «ይቺን ብቻ» የሚል ሐሳብ ከእናንተ መምጣቱ አይቀርም። ለሁለተኛው ዙር በተለየ ወረቀት ያዙት እንጂ ዝርዝሩ ውስጥ አትጨምሩት፤ ብዙ ድረ ገጽ በ«ይቺን ብቻ» ነው የሚዘገየው።

ቀሪውን ከመክፈላችሁ በፊት ዶሜኑ (የድረ ገጹ ስም ወይም አድራሻ) በማን ስም እንደተመዘገበ ጠይቁ። የዶት ኮም ክፍያ በየዓመቱ በዶላር ስለሚፈጸም፣ ካርድ ያለው ባለሙያ በራሱ ስምና ኢሜይል ሊያስመዘግበው ይችላል። ነገ ቢጣላችሁ ወይም ስልኩን ቢቀይር አድራሻችሁ ከእጃችሁ ወጣ ማለት ነው። የተመዝጋቢው ስምና ኢሜይል የማኅበሩ ይሁን። አዲስ የተመዘገበ ዶሜን ለ60 ቀናት ያህል ወደ ሌላ መዝጋቢ (ዶሜን መዝግቦ የሚሸጥ ድርጅት) ስለማይዛወር፣ ይህን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት።

ጥያቄ፦ ጅማ ውስጥ የእንግዳ ማረፊያ አለን። አምና አሮጌውን ድረ ገጽ በአዲስ ልንተካ ስንሞክር ኢሜይላችን ሁለት ቀን ጠፋ። ዘንድሮ እንዳይደገም ምን እናድርግ?

መልስ፦ እንዲህ ያለው ነገር በብዛት የሚመጣው ድረ ገጹን ለማዛወር ተብሎ የዶሜኑ ኔም ሰርቨር (የዶሜኑን መዝገቦች የሚይዘው ሰርቨር) በሙሉ ሲቀየርና ኢሜይልን የሚመሩት የኤምኤክስ መዝገቦች ሳይገለበጡ ሲቀሩ ነው። ኔም ሰርቨሩን አትንኩ፤ የድረ ገጹን አድራሻ የያዘውን የኤ መዝገብ ብቻ ቀይሩ። አስቀድማችሁ የዲኤንኤስ ገጹን (እነዚህ መዝገቦች ተዘርዝረው የሚታዩበትን) በሙሉ በስክሪንሾት አስቀምጡ። ከለውጡ ሁለት ቀን በፊት ቲቲኤሉን (አሮጌው መዝገብ በየቦታው ተይዞ የሚቆይበትን ጊዜ) ወደ 300 ሰከንድ አውርዱት፤ 86400 ላይ ከተተወ ለውጡን ለማየት አንዳንዱ ደንበኛ አንድ ሙሉ ቀን ሊጠብቅ ይችላል።

ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ጠዋት ይሁን። ዓርብ ከሰዓት የተጀመረ ዝውውር ቢበላሽ እሑድን ጨምሮ ሰው ፍለጋ ነው። «በ3 ሰዓት» ስትባባሉም በማን ሰዓት እንደሆነ ተግባቡ፤ ድረ ገጹ የተቀመጠበት ሰርቨር 09:00 ሲል ጅማ ላይ ጠዋት 3 ሰዓት የሚሆነው ሰርቨሩ በእኛ የሰዓት ክልል ከተሞላ ብቻ ነው።

እንደተቀየረ ወዲያው የሚታዩ፦ በዎርድፕሬስ (የድረ ገጽ መሥሪያ ፕሮግራም) የተሠራ ከሆነ በሙከራው ጊዜ የፍለጋ ሞተሮች እንዳይገቡ የተደረገው ምልክት መነሳቱ (ይህ ተረስቶ ወራት ጎግል ላይ ያልታየ ድረ ገጽ ብዙ ነው)፣ የድሮዎቹ ሊንኮች በ301 (በቋሚ ማዛወሪያ) ወደ አዲሶቹ መምራታቸው፣ የደኅንነት ሰርተፍኬቱ በራሱ መታደሱ። ነፃው የሌትስ ኢንክሪፕት ሰርተፍኬት ለ90 ቀናት ተብሎ የሚሰጥ ስለሆነ፣ እድሳቱ ካልተሞከረ ሦስተኛው ወር ላይ እንግዳው «ደኅንነቱ ያልተጠበቀ» የሚል ማስጠንቀቂያ ያያል። አሮጌውን ሰርቨር ሁለት ሳምንት አትዝጉት።

አንድ ሳትጠይቁ የምንጨምረው፦ የክፍል ማስያዣው ላይ ወሩን በቁጥር አትጻፉ። 5ኛ ወር ለእናንተ ጥር፣ ለውጭ እንግዳ ሜይ ነው።

ጥያቄ፦ ከድሮ ኮምፒውተራችን ላይ ገልብጠን ያስገባነው የአማርኛ ጽሑፍ ድረ ገጹ ላይ የማይነበብ የእንግሊዝኛ ፊደል ሆነ። ኦሮምኛው ግን ደህና ነው።

መልስ፦ ጽሑፉ የተተየበው ከዩኒኮድ (ለየቋንቋው ፊደል የራሱን መለያ ቁጥር የሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት በነበረ ፎንት ነው። እነዚያ ፎንቶች በላቲን ፊደል ቦታ ላይ የግዕዝ ቅርጽ ይስሉ ነበር፤ ፎንቱ ሲነሳ ሥሩ ያለው ላቲን ይታያል። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ቁቤ ከመነሻውም ላቲን ስለሆነ ኦሮምኛው አልተነካም። ረጅም ከሆነ በመቀየሪያ ፕሮግራም አልፎ በሰው ዓይን ይነበብ፤ ከአሥር ገጽ በታች ከሆነ እንደገና መተየብ ይፈጥናል። ለገጹ እንደ ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክ ያለ ፎንት አብሮ ይጫን፤ አለበለዚያ ግዕዝ በሌለው መሣሪያ ላይ ባዶ ሣጥን ይታያል። የመስመር ርቀቱ የፊደሉ መጠን 1.7 እጥፍ አካባቢ ይሁን። መፈለጊያ ሣጥን ካላችሁ ደግሞ «ፀሐይ»ንም «ጸሀይ»ንም ጻፉበትና አንድ ውጤት ያመጣ እንደሆነ እዩ።