መልስ፦ ስላቮፊሎች ምዕራቡን የነቀፉት ስላላወቁት ነው?

ስላቮፊሎች፣ ማለትም በ19ኛው መቶ ዘመን ሩሲያ ምዕራብ አውሮፓን ከመከተል ይልቅ በራሷ የኦርቶዶክስ ወግ እንድትመራ የፈለጉ ሩሲያውያን አሳቢዎች፣ ምዕራቡን የነቀፉት ስላላወቁት ነው ወይ ብለው ለጠየቁት ጥያቄ መልሴ አይደለም ነው፤ እንዲያውም ከብዙዎች ይልቅ አብጠርጥረው ያውቁት ነበር። ስለ ሩሲያና ስለ ምዕራቡ የተነሣውን ክርክር ያቀጣጠለው ሩሲያዊው ፈላስፋ ፒዮትር ቻዳየቭ እ.ኤ.አ. በ1836 «ቴሌስኮፕ» በተባለው መጽሔት ያወጣው ደብዳቤ ነው። ሩሲያ ክርስትናን ከቢዛንቲየም በመቀበሏ ከአውሮፓ ተነጥላ ለዓለም አንዳች ሳታበረክት ቀርታለች ብሎ ስለጻፈ፣ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኒኮላይ መጽሔቱን አዘግቶ አዘጋጁን ለግዞት ሲዳርግ፣ ጸሐፊውን ደግሞ እብድ አሰኝቶ በገዛ ቤቱ በሐኪም እንዲጠበቅ አደረገ።

ዋነኞቹ ስላቮፊሎች አሌክሲ ኾምያኮቭና ኢቫን ኪሬየቭስኪ ለቻዳየቭ የሰጡት ምላሽ ግን ከዚህ ቅጣት ጋር ፈጽሞ መምታታት የለበትም። ኪሬየቭስኪ በጀርመን የፈላስፎቹን የሄግልንና የሼሊንግን ትምህርት ተከታትሎ የተመለሰ ሰው ሲሆን፣ ኋላ ከኦፕቲና ገዳም መነኮሳት ጋር ሆኖ የአበውን መጻሕፍት ለኅትመት አብቅቷል። ከኾምያኮቭ ትምህርት የተወለደው «ሶቦርኖስት» የተባለው ሐሳብ ጉባኤ ማለት ከሆነው ከ«ሶቦር» የወጣ ነው፤ ምእመናን ያለ አስገዳጅ ሥልጣን፣ ያለ ግለኝነትም፣ በፍቅርና በነጻነት አንድ የሚሆኑበትን ኅብረት ያመለክታል። ይህ የኦርቶዶክስ ጠበቃ ኾምያኮቭ በአገሩ ሳንሱር ምክንያት የነገረ መለኮት ጽሑፎቹን በፈረንሳይኛ ጽፎ በውጭ አገር ማሳተሙ እጅግ ያሳዝነኛል።

ስለዚህ ስላቮፊልነትን «ኦርቶዶክስነት፣ ፍጹም ዘውዳዊ አገዛዝ፣ ሕዝባዊነት» ከሚለው የዘመኑ መንግሥታዊ መፈክር ጋር አንድ ማድረግ ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። ለምሳሌ እ.ኤ.አ. በ1849 መኳንንት ጢም እንዳያሳድጉ መንግሥት ትእዛዝ ሲያወጣ፣ ከስላቮፊሎቹ አንዱ የሆነው ኮንስታንቲን አክሳኮቭ የአባቶች ወግ አድርጎ ያሳደገውን ጢሙን ለመላጨት ተገድዷል።