ቦርከናን በየካቲት እዩት

ልጆቼ፣ ሰሞኑን የውሃ ምህንድስና የጨረሱ ሁለት ወጣቶች ቤቴ መጥተው ነበር። ወሎ ያለውን የቦርከና ወንዝ ሸለቆ በላፕቶፕ አሳዩኝ። ከሳተላይት የተነሳ ፎቶ ነው፣ ቁልጭ ያለ። «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ብዙ ባዶ መሬት አለ» አሉኝ። ጣታቸው ያረፈው ከሚሴ አጠገብ ያለው የጨፋ ሜዳ ላይ ነው። ሳቄ መጣ። እኔም ከ40 ዓመት በላይ ሆነኝ እንጂ ያንኑ ብዬ ነበር። ያውም በጽሑፍ።

ያኔ ሥራዬ ወንዝ መለካት ነበር። ጨፋ የደረስኩት በጥቅምት ነው። ሳሩ ወገብ ይደርሳል፣ ውሃው ተኝቷል፣ ሰው የለም። «ውሃው በቦይ ተለቆ ቢታረስ ያዋጣል» ብዬ ጻፍኩ። ከሚሴ ቡና ስንጠጣ ይህንኑ ለአንድ ሽማግሌ ነገርኳቸው። አልተቆጡም። «ልጄ፣ እስቲ በየካቲት ተመለስ» አሉኝ፣ በቃ።

ተመለስኩ። ያ ሰው የለበትም ያልኩት ሜዳ በከብትና በግመል ተሞልቷል። አፋሩ ከቆላ ወጥቷል፣ ኦሮሞው ወርዷል፣ አርጎባውም አለ። ታችኛው አገር ሲደርቅ ሁሉም የሚጠጋው እዚያ ነው። ለካ ባዶ ያልኩት ቦታ የክፉ ቀን ጎተራ ኖሯል። ስሙን እንኳ ብጠይቅ ግማሹን ባወቅኩ ነበር፤ በኦሮምኛ ጨፌ ማለት ረግረጋማ የሳር መስክ ነው። ሪፖርቱን እንደገና ጻፍኩት። አለቃዬን ደስ አላላቸውም።

ታች አዋሽ ዳር የሆነውን ደግሞ እናንተም ሰምታችሁ ይሆናል። የተንዳሆ አካባቢ የጥጥ እርሻዎች የአፋርን የበጋ ግጦሽ ወሰዱ። ከዚያ የ1965ቱ ድርቅ መጣ። ከብቱ የሚሸሽበት አጣ፣ ሰውም አለቀ። ወረቀቱ ላይ ግን ያ መሬት «ያልለማ» ነበር።

ወደ ሸለቆው ልመለስ። ብዙ ሰው ወንዙ የቆፈረው ይመስለዋል። አይደለም። ደሴ ዙሪያ የምታዩት ጥቁር ድንጋይ የዛሬ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ቅልጥ አለት ነው። ኋላ አፋር እየተሰነጠቀ ሲሰፋ የደጋው ጠርዝ ተሰበረ። መሃል ላይ አንድ ቁራጭ መሬት ሰመጠ፤ በምሥራቅ ያለው ግን ከፍ ብሎ ቀረ። ቦርከና ከደሴ በላይ ተነስቶ ኮምቦልቻ ይወርድና ያንን የሰመጠ መሬት ይዞ ወደ ደቡብ ይሄዳል። በምሥራቅ ተራራው ስለሚከለክለው ጨፋ ላይ ይተኛል። ረግረጉ የመጣው ከዚህ ነው። በመጨረሻ መውጫ አግኝቶ አዋሽ ይገባል። አዋሽም ባሕር አያይም፤ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ደሴ ላይ የምትወረውሩት ፌስታል የት እንደሚደርስ እንግዲህ አስቡት።

መሬቱ ሥራውን አልጨረሰም። በግንቦት 1953 በሸለቆው ደቡብ ጫፍ፣ ካራ ቆሬ አካባቢ፣ ምድር ተንቀጥቅጦ የማጀቴ ከተማ ፈርሳለች። ፎቅ የምትሠሩ ልጆች ይህችን ያዙልኝ።

የሰው ታሪኩማ ተነግሮ አያልቅም። ሉሲ በኅዳር 1967 ሐዳር ላይ ስትገኝ ቦታው በወሎ ሥር ነበር። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት። የቦርከና ውሃ አዋሽ ሆኖ የሚያልፈው በዚያ በኩል ነው። ሐረጎ ዳገት ላይ በሚያዝያ 1933 ጣሊያን ደሴን ላለማስነካት ተዋግቷል፤ እሱን ከእኔ የተሻለ የሚያወጉ አሉ። እኔ የምመርጠው የሰኞውን የባቲ ገበያ ነው። ደገኛና ቆለኛ ቆሞ ሲከራከር አንድ ጠዋት ብትሰሙ፣ ማን መቼ ወደየት እንደሚሄድ ካርታው የማይነግራችሁን ትሰማላችሁ።

ለሁለቱ ልጆችም ይህንኑ አወጋኋቸው። ላፕቶፑን አልናቅኩም፤ ያኔ ቢኖረኝ ስንት እግር መንገድ ያድነኝ ነበር። ግን ፎቶው በየትኛው ወር እንደተነሳ ጠየቅኳቸው። ተያዩ። ፈልገው አገኙት፤ ጥቅምት።

«እሺ ጋሼ፣ በየካቲት እንሂድ» አለ አንዱ። «ግን አበሉን ማን ይከፍላል?»

«አብሽር» አልኩት፣ «የከሚሴው ቡና በእኔ ነው።»